የዘር እህል አይፈጭም

ኦገስት 1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደተጀመረ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት አንዱ ሲቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በርሊን ውስጥ፣ ፕሬንዝላወር በርግ በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ ድሆችን የሚያክመው ዶክተር ካርል ኮልቪትስ ከ18 ዓመት ልጁ ከፔተር ጋር ይከራከራል። ልጁ መዝመት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ዕድሜው ገና በመሆኑ ያለ አባቱ ፈቃድ መመዝገብ አይችልም። አባት እምቢ አለ፤ አገር የአንተን ዕድሜ ገና አልጠራችም ሲል መለሰለት። ልጁ ዓይኑን ወደ እናቱ አዞረ። እናት ተነሥታ ስለ ልጇ ባሏን ለመነች፤ ፈቃዱም ተገኘ። ፔተር ቤልጂየም ውስጥ ሲወድቅ ኦክቶበር ገና አላለቀም ነበር።

ያች እናት ሠዓሊዋ ኬተ ኮልቪትስ ናት፤ የዚያን ምሽት ነገር ራሷ በዕለት ማስታወሻዋ ጽፋዋለች። ስለ ዘመናዊ ጦርነትና ስለ ሥነ ጥበብ ሲነሣ ብዙ ስሞች ይጠራሉ፤ እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደ እርሷ ነው፤ ምክንያቴም ያ ልመና ነው። ጦርነትን ያወገዙ ሠዓልያን ብዙ ናቸው፤ ልጅን አሳልፎ የሰጠው እጅ የራሳቸው እንደነበረ ሳይሸሽጉ የሠሩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እኔ የጦርነትን ሥዕል ማየት የተማርኩት ከዐድዋ ሥዕል ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ሆኖ፣ ዐፄ ምኒልክ ከጥላቸው ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ መድፉ ከዚህም ከዚያም እየተተኮሰ፣ ወገን ሁለት ዓይኑ እየታየ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ፣ ጠላት ደግሞ እንደ ባህላዊው አሣሣል በጎን ፊቱ አንድ ዓይን ብቻ ኖሮት የሚታይበት ያ ሥዕል፣ ለተመልካቹ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ በአንድ እይታ ይነግረዋል። ስለዚህ በርሊን በመጣሁ በዓመቱ፣ በሠዓሊዋ ስም በተሰየመው ሙዚየም «ጦርነት» የተሰኙትን ሰባት የእንጨት ኅትመቶቿን ሳይ፣ ዓይኔ በመጀመሪያ የፈለገው ጠላትን ነበር። ጠላት የለም። ጠመንጃ፣ ምሽግ፣ ባንዲራም የለም። ያሉት እናቶች፣ መበለቶች፣ ወላጆችና በቤት የቀረ ሕዝብ ናቸው።

ይህን ለመግለጽ የሚሆነውን መንገድ በቀላሉ አላገኘችውም። በ1920 የጀርመናዊውን ቀራፂ የኤርንስት ባርላህን የእንጨት ኅትመቶች እስክታይ ድረስ፣ በለመደችው ቀጭን መስመር የጀመረቻቸውን ሥራዎች አልሆን እያሏት ትታቸው ነበር። እንጨት ለዝርዝር አይመችም፤ በመሮ የተነሣው ክፍል ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተነካው ጥቁር ሆኖ ይታተማል፣ በሁለቱ መካከል መደራደሪያ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። «ወላጆች» በተባለው ሥራ ላይ ባልና ሚስት ተንበርክከው ተቃቅፈዋል፤ አባት ፊቱን በእጁ ሸፍኗል፣ የእናቲቱም ፊት አይታይም። ወደ ወረቀቱ ቀረብ ሲሉ የመሮው ጭረት በልብሳቸው እጥፋት ላይ እንደ እርሻ ትልም ተሰምሮ ይታያል፤ ራቅ ሲሉ ግን ሁለቱ ሰዎች አንድ የጥቁር ክምር ብቻ ይሆናሉ።

ከሰባቱ መካከል ብዙ የቆምኩት ግን በሁለቱ ፊት ነው። «መሥዋዕት» በተባለው የመጀመሪያው ሥራ፣ አንዲት እናት አራስ ልጇን በሁለት እጆቿ ከፍ አድርጋ ታቀርባለች፤ ከእጇ የሚነጥቃት ሰው በሥዕሉ ውስጥ የለም። «ወዶ ዘማቾቹ» በተባለው ደግሞ ወጣቶች በአንድ ግፊት ይጓዛሉ፤ ከበሮ እየመታ የሚመራቸው ሞት ራሱ ነው፤ ከሞት ቀጥሎ ያለውም ፔተር ነው። እናት የገዛ ልጇን በዚያ ቦታ ለማስቀመጥ መሮውን ስትገፋ እጇ ምን ያህል እንደከበደው ማሰብ ይከብደኛል።

በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ሠዓሊ ኦቶ ዲክስ «ጦርነት» በሚል ስም 50 ኅትመቶችን በ1924 አወጣ። ዲክስ በመትረየስ ተኳሽነት ዓመታትን በግንባር ያሳለፈ ሰው ነበር፤ የበሰበሰውን ሬሳ፣ በጥይት የተፈነቀለውን ፊት፣ የምሽጉን ጭቃ ምንም ሳያስቀር አሳየ፤ ብረቱን በአሲድ እያስበላ መሥራቱም ለሚበላው ሥጋ የተገባ ዘዴ ነበር። ሁለቱን አወዳድሮ አንዱን ማስበለጥ አስፈላጊ አይመስለኝም። ኮልቪትስ ግንባሩን አላየችም፤ ያላየችውንም አልሣለችም። እርሷ የምታውቀው፣ መርዶ የገባበትን ቤት ነበር።

ለፔተር መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት ለመሥራት ያሰበችው በዚያው በ1914 መጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ሐሳቧ ልጁ ተጋድሞ፣ አባት በራስጌው፣ እናት በግርጌው ሊሆኑ ነበር። በ1919 ሥራውን አቋረጠችው፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ስትጀምረው የልጁ አካል ቀርቶ ወላጆቹ ብቻ ሆኑ። በ1932 ሁለቱ ድንጋዮች ቤልጂየም ውስጥ ፔተር በተቀበረበት መካነ መቃብር ቆሙ፤ በ1950ዎቹ መቃብሮቹ ሲዛወሩም አብረው ወደ ፍላድስሎ ሄዱ። በዚያ ከ25,000 በላይ ጀርመናውያን ወታደሮች ያርፋሉ።

ፍላድስሎን ባለፈው መጸው አይቼዋለሁ። ዛፎቹ ረጃጅም ናቸው፣ መቃብሮቹ በሣር ውስጥ የተነጠፉ ዝቅተኛ ድንጋዮች፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ የብዙ ሰው ስም ተደርድሯል። አባት ቀጥ ብሎ ተንበርክኮ ሁለት እጆቹን በገዛ አካሉ ዙሪያ አጥብቆ ይዟል፤ እናት ጎንበስ ብላ አንገቷን ደፍታለች። የአባትየው ፊት የካርል፣ የእናትየዋም የኬተ ፊት ነው። በኅትመቱ ላይ አንድ ክምር የነበሩት ባልና ሚስት በድንጋይ ሲሠሩ ለየብቻቸው ሆነዋል፤ በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት ክፍተት አለ፣ አንዱም ሌላውን አይነካም። በእኛ ለቅሶ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ጎረቤት አጠገቡ ይቀመጣል፣ አልቃሽ ስሙን ጠርታ ታስለቅሰዋለች፣ ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ ደጁን ይሞላል። እዚያ ቆሜ የአባትየውን እጆች ስመለከት የገባኝ፣ የሚይዘው ሰው ስላጣ ራሱን ይዞ መቆሙ ነው። በእናትየዋ ልመና ፈቃዱን የሰጠው እርሱ ነበርና፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ለእኔ ያን ምሽት ነው። የፔተር ስም ከአባቱ ፊት ለፊት ባለው ድንጋይ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተጽፏል።

በርሊን መሀል ኖየ ቫኸ በተባለው መታሰቢያ ውስጥ ያለውን፣ የሞተ ልጇን በጉልበቷ መካከል ያቀፈች እናት ሐውልት፣ ከተማዋን የጎበኘ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሥራ 38 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ የሠራችው ነው፤ በ1993 በሌላ ቀራፂ እጅ በአራት እጥፍ አድጎ፣ ዝናብና በረዶ እንዲያርፍበት ከተከፈተ ጣሪያ ሥር ተቀመጠ። ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ትንሹን እመርጣለሁ። ያን የሚያህል ሐዘን የተሠራው በክንድ ለመታቀፍ በሚበቃ መጠን ነበር።

የኮልቪትስ ተቃውሞ በሥዕል ብቻ አልቀረም። በኦክቶበር 1918 ባለቅኔው ሪቻርድ ዴመል የቀሩት ወንዶች እንዲዘምቱ ጥሪ ባቀረበ ጊዜ በጋዜጣ በግልጽ መለሰችለት፤ በቂ ሰው ሞቷል፣ ከእንግዲህ አንድም ሰው አይውደቅ አለች፤ መዝጊያዋም ከጥንቱ ጀርመናዊ ባለቅኔ ከጎተ የወሰደችው «የዘር እህል ሊፈጭ አይገባም» የሚል ቃል ነበር። ይህን ቃል ለጀርመን አንባቢ ማብራራት ሊያስፈልግ ይችላል፤ በገበሬ ቤት ላደገ አማርኛ ተናጋሪ ግን አያስፈልግም። አያቴ በ1977ቱ ድርቅ ከብቶቻቸው ማለቃቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው አይለወጥም ነበር፤ ለዘር የተቀመጠው ገብስ ወፍጮ የወረደበትን ቀን ሲያነሡ ግን ዝም ይሉ ነበር።

ናዚዎች በ1933 ከፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንድትወጣ አስገደዷት፤ ካርልም በ1940 ሞተ። ሌላው ጦርነት ሲበረታ፣ ዕድሜዋ ሰባን ካለፈ በኋላ፣ ያንኑ የጎተን ቃል ርእስ አድርጋ የመጨረሻ የድንጋይ ኅትመቷን ሠራች። አንዲት አሮጊት ሦስት ልጆችን በክንዶቿ ሥር ሰብስባ ትጫናቸዋለች፤ ልጆቹ ግን አልፈሩም፤ እንደ ጥጃ አንገታቸውን ከልብሷ ሥር እያወጡ ወደ ውጭ ያያሉ። በ1914 ስለ ልጇ የለመነችው ሴት በዚህ ሥዕል ላይ እጇን አታነሣም።

በ1942፣ የአጎቱን ስም የወረሰው የልጅ ልጇ ፔተር በምሥራቅ ግንባር ተገደለ።