ተፎካካሪዬንም ጥሩልኝ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የባህል ልብስ እሰፋለሁ። ቀሚስ፣ እጀ ጠባብ፣ የሙሽራና የሚዜ ልብስ። የዓመቱ እንጀራዬ የሚወሰነው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ማለቂያ ባለው ጊዜ ነው። ጥር 11 ጥምቀት ነው፣ ከጥምቀት በኋላ ሰርግ በሰርግ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሱቁ ጭር ይላል። ስለዚህ የአነስተኛ ነጋዴዎች መሰባሰብ ይጠቅማል አይጠቅምም ሲባል፣ እኔ የምመዝነው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። ይጠቅማል። በጣም ይጠቅማል።

የእኛ ቡድን የተወለደው ከእቁብ ነው። እሁድ ከሰዓት የምንጥለው እቁብ አለን። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ብሩን ይወስዳል። ዕጣው ወጥቶ ሲያበቃ ግን ሁሉም ብድግ ብሎ ወደየቤቱ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ማተሚያ ቤት ያለው፣ ፎቶ አንሺ፣ የዲኮር ሥራ የምትሠራ፣ ፔንሲዮን ያላቸው እትዬ፣ ብረታ ብረት የሚሠራ ልጅ ተቀምጠን ስለ ሥራችን አንነጋገርም ነበር። ዳኛችን ጋሼ ናቸው «ቡና ይፈላና አንድ ሰዓት እንቆይ» ያሉት።

ከዚያ ሰዓት የተማርኩት ነገር ብዙ ነው። ሰርግ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚያዘው አዳራሽና ዲኮር ነው። ልብስ ቀጥሎ ይመጣል። የጥሪ ወረቀት መጨረሻ አካባቢ ነው። ስለዚህ የዲኮር ሠራተኛዋ ሰርጉን የምታውቀው ከእኔ ብዙ ቀድማ ነው። ደንበኛዋን «ልብስ የሚሰፋልሽ ሰው ይዘሻል?» ብላ መጠየቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እኔ ደግሞ ልኬት ስወስድ ስለ ፎቶና ስለ ጥሪ ወረቀት እጠይቃለሁ። ማንም አልከፈለን፣ ማንም አላስገደደን፤ ሥራ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ኮሚሽን ይኑር አይኑር ብለን ብዙ ተከራክረናል። አይኑር የሚለው አሸነፈ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ኮሚሽን ካለ ሰው ደንበኛ የሚልከው ጥሩ ወደሚሠራው ሳይሆን ብዙ ወደሚከፍለው ነው። ያ ደግሞ አንድ ቀን ደንበኛውን ያስቀይማል፣ የተቀየመው ደንበኛ የሚያማው የላከውን ሰው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቡድኑ ነገር በደንብ ገባኝ። ለወራት ቆየ። በቴሌግራም ፎቶ እየለጠፍን ደንበኛ የምናመጣ ሁሉ እጃችንን አጣጥፈን ቀረን። ቱሪስቱም ጠፋ፤ የእትዬ ፔንሲዮን ባዶ አልጋ ይዞ ከረመ። ያን ጊዜ ያቆየን በአካል መገናኘታችን ነው። ማን ምን እየፈለገ እንደሆነ የምንሰማው እሁድ ቡና ላይ ነበር። ብረት የሚሠራው ልጅ ለአንድ ግቢ በር ሊገጥም ሄዶ፣ እዚያ ቤት ልጅ ሊድሩ እንደሆነ ሰምቶ ነገረኝ። ሥራውንም አገኘሁት።

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው የጥልፍ ክር ዋጋ ራስ የሚያዞር ሆነ። እኔ ብቻዬን መርካቶ ሄጄ የምገዛው ክር የመኪናና የአልጋ ወጪውን አያነሳም። በጋራ አንድ ሰው ልከን አስመጣን። እዚህ ላይ ነው የርዕሴ ነገር የሚመጣው፦ ክር የሚፈልገው ማነው? ፎቶ አንሺው አይደለም። እንደኔው ልብስ የሚሰፉት ናቸው።

በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 የተጀመረ ቢኤንአይ የሚባል የነጋዴዎች ማኅበር አለ። በአንድ ቡድን ውስጥ ከአንድ ሙያ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ሁለት ልብስ ሰፊ ካለ የተላከው ደንበኛ ለማን ይሁን? በእኛም ቡድን አንዲት ልብስ ሰፊ ልግባ ስትል እንዲህ ያሉ ነበሩ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኔ ትግባ አልኩ።

ምክንያቴ ይሄ ነው። ጥር ላይ ሥራ አይጠፋም፤ የሚጠፋው እጅና ጊዜ ነው። ለሙሽራዋ፣ ለሚዜዎቿ፣ ለእናትና ለአክስቶች አንድ ዓይነት ልብስ ይታዘዛል። ሸማኔው ጥለቱን ያደረሰው ዘግይቶ ነው። ሰርጉ ግን ቀኑን አይለውጥም። ድሮ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አልችልም ብዬ እመልስ ነበር፤ ደንበኛዋም ሌላ ከተማ ሄዳ ታሰፋ ነበር። አሁን አዲሷ ልብስ ሰፊ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፤ እኔ እጠልፋለሁ። በሚቀጥለው እሷ ሲጨናነቅባት እኔ እደርሳለሁ። ገበሬው ወንፈል የሚገባው ለዚሁ ነው፤ አዝመራው ለሁሉም አንድ ሰሞን ይደርሳል፣ የአንድ ሰው እጅ ግን አይበቃውም።

ደንብ ያስፈልገዋል። ደንበኛው ሥራውን መጀመሪያ የተቀበለው ልብስ ሰፊ ደንበኛ ነው፤ ልኬቱም ስልኩም እሱ ጋ ይቀራል። ስፌቱ ቢበላሽ የሚጠየቀው ተቀባዩ ነው። ክፍያው በልብሱ ቁጥር ተቆጥሮ፣ ሥራው በተረከበ ቀን በቴሌብር ይላካል። «ቅዳሜ እሰጥሻለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ወዳጅነት የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ሙያ ያለን ሰዎች ስንሰበሰብ የማይነሳም ነገር አለ፦ «ሁላችንም በዚህ ዋጋ እንስፋ» አይባልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ ከልክሏል። ደንበኛዬም እንዲህ ሊደረግባት አይገባም።

ብድርም አንጠያየቅም። ብር የፈለገ እቁቡ አለ።

አዘዞም ሆነ ማራኪ፣ ቅዳሜ ገበያም ሆነ አራዳ ሱቅ ያላችሁ፣ ለመጀመር አዳራሽም ማኅተምም አያስፈልጋችሁም። እቁባችሁ ላይ ዕጣው ከወጣ በኋላ ተቀመጡና ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ባለፈው ወር አልችልም ብለህ የመለስከው ሥራ ምንድነው? መልሱን ጸሐፊው ይጻፈው። ከዚያ እነዚያን ሥራዎች ማን ሊሠራቸው ይችል እንደነበር ተነጋገሩ። የዚያ ሰው ሱቅ ከእናንተ ሱቅ ፊት ለፊት ከሆነም፣ የሚቀጥለው እሁድ ጥሩት።