ጥርስ ቁጥር 17

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ስሠራ የማይሰለቸን ወሬ የሆስፒታል ስፔሻሊስቶች ሐሜት ነበር። ደሴ የላክነው ታካሚ ሲመለስ ከሪፈር ወረቀቱ ግርጌ ለመልስ የተተወው ቦታ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ «ታክመዋል» ተብሎ ተፈርሞበታል። ምን ታከሙ? ምን መድኃኒት ታዘዘላቸው? ክሩ መቼ ይውጣ? ታካሚውን እንጠይቃለን፤ እርሱም «መርፌ ወጉኝ» ይለናል።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። በታችኛው ግራ መንጋጋቸው የጥበብ ጥርሳቸው፣ ማለትም የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ፣ ተጋድሞ አጥንት ውስጥ ቀርቷል፤ ጉንጫቸው አብጦ አፋቸውን መክፈት ተቸግረዋል። ከአቅማችን በላይ ስለነበር ራጁን አየሁና ወረቀቱን ሞላሁ፦ «ጥርስ ቁጥር 17፣ ለተሻለ ሕክምና»። ፊርማ፣ ማኅተም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ደጅ ላይ ወረፋ ነበር።

በማግስቱ ተመልሰው ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጡኝ። «ልጄ፣ እኔን የሚያመኝ በዚህ በኩል ከታች፤ ያንተ ወረቀት የሚለው በዚያ በኩል ከላይ።»

ግርጌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልቶ ነበር። «እብጠቱ እስኪረግብ መድኃኒት ጀምረናል። 17 ያልከው የትኛውን ነው? ራጁስ? ለልባቸው አስፕሪን እንደሚወስዱ ለምን አልተጻፈም?»

አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ እኔ ግን አልጠየቅኋቸውም። ቁጥሩ ደግሞ ይህን ይመስላል፦ የእኛ ካርድ ላይ ያለው ሥዕል ጥርሶችን ከ1 እስከ 32 ይቆጥራል። ከላይ ቀኝ ተነሥቶ ሲዞር የታችኛው ግራ የጥበብ ጥርስ 17 ይሆናል። ሆስፒታሉ አፍን በአራት ከፍሎ በሁለት አኃዝ ይጽፋል፤ የፊተኛው ሩቡን፣ የኋለኛው ከመሀል ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። በዚያ አቆጣጠር 17 የላይኛው ቀኝ ሰባተኛ ጥርስ ነው፤ የእናታችን ደግሞ ምንም ያልነካው ጤነኛ የመንጋጋ ጥርስ። የታመመው 38 መባል ነበረበት። ተማሪ ቤት ሁለቱንም ተምሬአለሁ፤ ተፈትኜባቸዋለሁም።

ሐኪሙ ከአፋቸው ይልቅ ወረቀቴን አምኖ ቢሆን ብዬ ሳስብ እጄ ቀዘቀዘ።

ወረፋው ይጠብቅ ብዬ እንደገና ጻፍሁ፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ጥርሱን በቃልም በቁጥርም፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ስልኬን ጭምር። ራጁን በፖስታ አደረግሁና ከታች ጥያቄ ጨመርሁ፦ «ክሩን እኛ ብናወጣው?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናታችን ፈገግ ብለው ገቡ። መልሱ ግማሽ ገጽ ነበር፦ 38 ተነቅሏል፣ ሁለት ስፌት፣ አስፕሪኑ አልተቋረጠም፣ ክሩ በሰባተኛው ቀን እዚያው ይውጣ።

ወንበሩ ላይ አረፍ እያሉ «ዛሬስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ክሩን እዚሁ አውጣላቸው ይላል፤ ደሴ መሄድ የለብዎትም።»

«አልሐምዱሊላህ! የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ከጥርሱ የባሰ ራሴን ሲያዞረኝ ነው የከረመው» አሉና አፋቸውን በሰፊው ከፈቱልኝ።