ስለ አእምሮ የሚናገር የፕሮግሬሲቭ ሮክ አልበም አሠራሬ

ፕሮግሬሲቭ ሮክ ረጃጅም ዘፈንና ውስብስብ ምት የሚወድ የሮክ ዓይነት ነው። ስለ አእምሮ በሚናገር እንዲህ ባለ አልበም የተለመደው ችግር ግጥሙ ስለ ትዝታና ስለ ሕልም ሲያወራ ሙዚቃው ምንም ሳያስታውስ፣ ምንም ሳያልም ማለቁ ነው። ስለዚህ ግጥሙን ለመጨረሻ አቆየሁና ከዜማው ጀመርኩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬዴሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ያለፈውን ሲያስታውስ የተቀዳ ነገር መልሶ አያጫውትም፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ይገነባዋል። የአልበሙ መሪ ዜማም 6 ኖታ ብቻ ያለው ሆኖ፣ በተመለሰ ቁጥር አንድ ነገር ይለወጥበታል። መጀመሪያ በፒያኖ፤ ቀጥሎ 4ኛው ኖታ በግማሽ ድምፅ ወርዶ፤ ከዚያ ኖታው ሳይነካ ምቱ ከ4/4 (በዙር 8 ስምንተኛ ኖታ) ወደ 7/8 (በዙር 7) ዞሮ፤ በመጨረሻ ምቱ ብቻ በቤዝ ጊታር። ኖታውና ምቱ አብረው ከተለወጡ ጆሮ አዲስ ዜማ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ተመላላሽ ዜማዎቹ 3 ብቻ ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔልሰን ካዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው የሚይዘው 4 ገደማ ነገር እንደሆነ ጽፏል። ስሌቱ ለአልበም የወጣ ባይሆንም ዜማ መደራረብ ለምንወድ ሰዎች ጥሩ ልጓም ነው።

ለጭንቀቱ ክፍል ጊታርና ቤዝ በ7/8፣ ድራሙ በ4/4 ይሄዳሉ። ሁለቱ የሚገናኙት ከ56 ስምንተኛ ኖታ በኋላ ነው፤ 8 ዙር በጊታሩ፣ 7 ዙር በድራሙ። ድምፃዊው ስንኙን የሚጨርሰው እዚያው መገናኛ ላይ ነው። ክሊኩን፣ ማለትም ስትቀዱ በጆሮ የሚሰማውን የምት መቁጠሪያ፣ በ4/4 አድርጉት። ድራመሩ የጊታሩን አክሰንት (ጠንከር ተደርገው የሚመቱትን ኖታዎች) መከተል ከጀመረ ግጭቱ ይጠፋና ተራ 7/8 ይሆናል፤ ሃይ ሃቱ (የድራሙ ጥንድ ጸናጽል) ሩብ ኖታውን ሳይለቅ መምታት አለበት።

ነቅቶ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አእምሮ ላይ የሚታየው የአልፋ ሞገድ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ እንደ ድምፅ አይሰማም። የሲንተሳይዘሩ ትሬሞሎ (ድምፁ በፍጥነት ከፍ ዝቅ የሚልበት) ፍጥነት ሲሆን ግን ይሠራል። በ150 ቴምፖ (በደቂቃ 150 ሩብ ኖታ) አሥራ ስድስተኛ ኖታ በሴኮንድ ልክ 10 ጊዜ ይመታል፤ ትሬሞሎውን 10 ኸርዝ ላይ ማድረግ ከድራሙ ጋር ይገጥመዋል። ቴምፖው 140 ከሆነ ምቱ ወደ 9.3 ይወርድና ሁለቱ ይሸራረፋሉ። ሙዚቃው ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ሲገባ ትሬሞሎውን ቀስ እያልኩ ወደ 2 ኸርዝ አወረድኩት። አድማጩን ያስተኛል የሚል እምነት የለኝም፤ ሥዕል ነው።

ዘፈኖቹ ሳይቋረጡ ስለሚያያዙ ማስተሪንጉ (ከኅትመት በፊት ያለው የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) የተሠራው በአንድ ረጅም ፋይል ነው፤ ለየብቻ ከተሠራ መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ይዘላል። ሲዲ ድምፁን በሴኮንድ 75 ፍሬም በሚባሉ ቁራጮች ይከፍላል፤ አንዱ ፍሬም 588 ሳምፕል (የድምፅ ልኬት) ነው። መቁረጫው የ588 ብዜት ላይ ካላረፈ የቀረው ቦታ በዝምታ ይሞላና ጠቅ የሚል ድምፅ ይፈጠራል። ኤምፒ3ም ከፊትና ከኋላ ዝምታ ስለሚጨምር የሚላከው ዌቭ ወይም ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ነው።

ለሸክላ ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ ተቀይሯል። አንዱ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙ ካለፈ ድምፁም ቤዙም መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ወደ መሐል ሲጠጋ ደግሞ መርፌው በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ስለሚያጥር ቀጭኑ ድምፅ ይበላሻል። የዚህ ሙዚቃ ልማድ ከባዱን ዘፈን መዝጊያ ማድረግ ነው፤ በሸክላው ላይ ከባዱ ገጹን ይከፍታል፣ መዝጊያው ቤዝ ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት ክፍል ነው።