በሚልክዊድ ቅጠል ሥር

የአሜሪካዋ ግዛት ሚኒሶታ የሄድኩት ሴንት ፖል የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ነው። ጁላይን የመረጥኩት ግን ለሞናርክ ቢራቢሮ ስል ነው። ሞናርክ ከ2000 ጀምሮ የግዛቷ ቢራቢሮ ተብሎ በሕግ ተሰይሟል። እኔ ደግሞ ሲበር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አሁን ያማረኝ እንቁላሉንና አባጨጓሬውን ማየት ነበር።

የመጀመሪያዋ ሌሊት መጥፎ ነበረች። አምሽቼ ስለገባሁ ሰው ላለማስቸገር ብዬ ኤርፖርቱ አጠገብ ሞቴል ያዝኩ። ኤሲው ሲያጓራ አደረ። ጠዋት ሂሳቡን ሳየው የፓርኪንግ 18 ዶላር ተጨምሮበታል። በታክሲ ነው የመጣሁት ብል የሚሰማኝ አጣሁ። አገር ቤት ቢሆን ኃላፊው ተጠርቶ፣ ተነጋግረን፣ ቢያንስ ይወጣልኝ ነበር። ከፍዬ ወጣሁ።

የአክስቴ ልጅ በመኪናዋ አፍተን ስቴት ፓርክ ወሰደችኝ። ሴንት ክሮይ ወንዝ ዳር ነው፤ ለመኪና 7 ዶላር ከፈልን። ሳሩ ወገብ ይደርሳል። ሚልክዊድ፣ ማለትም የሞናርክ አባጨጓሬ የሚበላው ወተት መሳይ ፈሳሽ ያለው ተክል፣ በየቦታው ሮዝ አበባውን አንዠርጎ ቆሟል። ሽታው ደስ ይላል። ቅጠል ባገላበጥኩ ቁጥር እሷ ከኋላዬ «በወተቱ እጅህ ዓይንህን እንዳትነካ!» ትለኛለች። ልክ ናት፣ ዓይን ይጎዳል።

ብዙ አገላብጬ ምንም ሳላገኝ ማጉያ መነጽር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አሮጊት መጡ። የሞናርክ እንቁላልና አባጨጓሬ ከሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናቸው። ቆጠራውን በ1997 የጀመሩት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ሴትዮዋ ሥራቸውን ትተው ከእኔ ጋር ቆዩ። «ያረጀውን ቅጠል ተወው፤ ለጋውን፣ ገልብጠህ ከታች በኩል እይ» አሉኝ። እናትየዋ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቅጠል ላይ አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው። የደረቀ የወተት ጠብታም እንቁላል ይመስላል፤ መለያው እንቁላሉ ላይ ያለው መስመር ነው።

ከዚያ መነጽራቸውን ሰጡኝና አየሁት። ነጭ ጤፍ ያክላል። ከጫፉ እስከ ታች ቀጫጭን መስመሮች ወርደውበታል። በአራት ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ትሏም መጀመሪያ የምትበላው የራሷን ቅርፊት ነው።

ቀጥለው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቀዳዳ ያለበት ቅጠል አሳዩኝ። ትንሿ አባጨጓሬ ወተቱ እንዳያጣብቃት መጀመሪያ የወተቱን መንገድ ትቆርጣለች፣ ከዚያ ነው የምትበላው። ትልቁ ደግሞ የቅጠሉን አንገት አኝኮ ያጎነብሰዋል። ስለዚህ የጎነበሰ ቅጠል ፈለግን። አንዱ ሥር ጣት የሚያህል፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር የተሸነተረ አባጨጓሬ ተቀምጧል፤ ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት ጥቁር ክሮች አሉት። ሲበላ ጭንቅላቱ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ ተመልሶ ደግሞ ከላይ ይጀምራል። አባጨጓሬ ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ማሳከክ ነው። ይሄ ግን ፀጉር የለውም። መከላከያው ከቅጠሉ የወሰደው መርዝ ነው፤ ለወፎች አይጥምም። በጣም ነው የወደድኩት።

ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ያለው ሚልክዊድ በሙሉ ታጭዶ ደርቋል። አንጀቴ ነው ያረረው። ይህ አባጨጓሬ ከሚልክዊድ ሌላ አይበላም። በቆሎና አኩሪ አተር የሚዘራባቸው እርሻዎች ላይም ፀረ አረም ሚልክዊዱን ጨርሶታል። በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሞናርክ አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ጋር እንዲመዘገብ ሐሳብ አቅርቧል። በበጋው ማብቂያ የሚፈለፈሉት እስከ ሜክሲኮ ተራሮች ይበራሉ። ሳይንቲስቶች የሚከርሙበትን ጫካ ያወቁት በ1975 ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ፍጥረት መነሻው ያቺ የመንገድ ዳር ቅጠል ናት። ለምን ይታጨዳል? አበባው እስኪያልፍ ቢቆይ ማንን ይጎዳል?

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ካልሲያችሁን ሱሪው ላይ ሳቡት። መዥገር አለ። የአክስቴ ልጅ ቤት ስንገባ አንዱን ከእግሬ ላይ ነቅላልኛለች።