ቱቦው ያለፈበት አጥር

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ስትወርዱ፣ ከአስፋልቱ ታጥፋችሁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መተላለፊያ ከገባችሁ በስተግራ የእኛ ግቢ ይገኛል። ዘጠኝ አባወራ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት። የተወለድኩት እዚያ ነው፤ እናቴንም የሸኘኋት ከዚያው ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ስለ ሰፈር ልማት ሲወራ መናፈሻና የመንገድ መብራት ቀድሞ ይነሣል። እኔ ግን አንዲት አሮጊት በሌሊት ሳትሳቀቅ የምትቀመጥበት ቦታ ይቅደም ባይ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ መጸዳጃ ቤታችን ነው።

ቤቶቻችን የቀበሌ ናቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። ለድሃው እፎይታ ነበር፤ እኛንም ያሳደገን ያ ርካሽ ኪራይ ነው። ሆኖም ቤቱ ባለቤት አጣ። ነዋሪው የእኔ አይደለም ብሎ ይተወዋል፤ ማደስ ቢፈልግም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በዚህ መካከል ጭቃው ይረግፋል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። የእኛም መጸዳጃ ቤት እንዲሁ ሆኖ ነው ግድግዳው ወደ መተላለፊያው ያዘነበለው፤ ጉድጓዱም እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጉዳዩን በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አነሣሁት። ጊዜው ምቹ አልነበረም። ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ከፈረሱ ገና ሳምንታት ነበሩ፤ የሁሉም ሰው ወሬ ቀጣዩ ተነሺ ማን ይሆን የሚል ነበር። አንድ ጎረቤታችን ተነሥቶ ነገ ለሚፈርስ ግቢ ዛሬ ብሎኬት መደርደር ገንዘብ መቅበር ነው አለ። የወንድሙ ቤት ፒያሳ ሲፈርስ ቆሞ ያየ ሰው ስለሆነ ማንም ሊቆጣው አልደፈረም። ዝምታውን የሰበሩት የግቢያችን ትልቅ እናት ናቸው። ግሬደሩ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ ሰኔ ግን መቼ እንደሚመጣ አውቃለሁ አሉ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይፈርሳል አይፈርስም መሆኑ ቀርቶ በምን ገንዘብ ይሠራል ወደሚለው ዞረ።

የእድራችን ደንብ ገንዘቡ ለሐዘን ብቻ እንዲውል ያዝዛል። ደንቡን ለመንካት የፈሩትን አልፈርድባቸውም፤ እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ለዘመናት ጠብቆ ያኖረው በዚህ ጥብቅነቱ ነው። በሁለተኛው እሑድ አንድ መፍትሔ ተገኘ፦ እድሩ ለዘጠኙ አባወራዎች ያለ ወለድ ያበድራል፤ እኛ ከወር መዋጮው ጋር በዓመት ውስጥ እንከፍላለን፤ የከፈለውም ያልከፈለውም በዚያው በእድሩ መዝገብ ይጻፋል።

መዝገቡን ያላየ ሰው ይህ ዋስትና ቀላል ይመስለዋል። ጠርዙ በጨርቅ የተለበጠ፣ ከእኔ በፊት የሁለት ጸሐፊዎች እጅ ያረፈበት ደብተር ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ፊደል ቀጥ ያለ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ነው፤ የሁለተኛው ወደ ቀኝ ያዘነበለ። የእናቴ ስም የተሰረዘው በእኔ እጅ፣ በቀይ ቀለም ነው። በዚህ ደብተር ላይ በስም ትይዩ ባዶ ሆና የቀረች ሳጥን ከፍርድ ቤት መጥሪያ ትከብዳለች። በዓመቱ መጨረሻ አንድም ባዶ ሳጥን አልቀረም።

የእድሳት ፈቃዱ ደጅ አስጠንቶ ተገኘ። ከባዱ ነገር ጉድጓዱን ማስመጠጥ ነበር። መጣጭ መኪናው በመተላለፊያችን ስለማይገባ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቱቦውን መዘርጋት ነበረበት። ቱቦው መተላለፊያውን ተከትሎ ሲጠማዘዝ ከጉድጓዱ ብዙ እርምጃ ሲቀረው አለቀ። በቀጥታ እንዲደርስ በአንዲት ጎረቤታችን ግቢ ማለፍ ነበረበት። እርሷ የራሷ መጸዳጃ አላት። በዚያ ላይ በአጥር ወሰን የተነሣ ከግቢያችን ጋር ከተኳረፈች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ለቅሶ ስትመጣ እንኳ ከእኛ ሴቶች ራቅ ብላ ነበር የምትቀመጠው።

ሄጄ ለመንኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ በሩን ዘጋችው። ተመልሼ ሳልደርስ ከውስጥ በመዶሻ ምስማር የመንቀል ድምፅ ሰማሁ። የአጥሩን ሁለት ቆርቆሮ ራሷ ነቀለችልን። ያ ወፍራም ጥቁር ቱቦ በጎመን መደቧ መካከል አልፎ በተከፈተው አጥር ወደ እኛ ገባ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ደርቆ ስለነበር እየበጠበጥን በጀሪካን ውሃ መጨመር ነበረብን። የቆጣሪያችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቀኑም የእኛ አልነበረም። ከቤቷ በርሜል እየቀዳች ታቀብለን የነበረችው እርሷ ናት። የአጥሩን ወሰን ማንም አላነሣም።

ሥራው ግንቦትን ሙሉ በየእሑዱ ተካሄደ። በመጀመሪያው እሑድ አንድ ስሕተት ሠርተናል። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ሰው ልሰብስብላችሁ ብሎ በማለዳ ነፋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ማን ነው ማን ነው እያሉ ወጡ። አንዲት እናት ሆስፒታል የተኛ ልጅ ስለነበራቸው በራቸው ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ልጁ ደኅና መሆኑን እስክናረጋግጥላቸው ድረስ የደረሰብኝ ጭንቀት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ጥሩንባው ለሞት ብቻ እንዲሆን በዚያው ዕለት ወሰንን። ከዚያ ወዲህ የሥራ ጥሪ ልጆች በር እያንኳኩ ነው የሚያደርሱት።

ልጅ ሳለሁ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሙዚቀኛው ስለሺ ደምሴ ጋሽ አበራ ሞላ በሚል ስም ወጣቱን ሲያንቀሳቅስ አስታውሳለሁ። ቆሻሻ የሚጣልባቸው ማዕዘኖች ተጠርገው፣ ድንጋይ ተደርድሮ፣ አበባ ይተከልባቸው ነበር። እኛም አስፋልቱ ዳር አንዲት ትንሽ ቦታ አጽድተን ነበር። እርሷ የቆየችው አንድ ጫማ ሠሪ ከሥራ በፊት ውሃ ያጠጣት ስለነበር ነው፤ እርሱ ሰፈር ሲለቅ ደረቀች። ስለዚህ አሁን ሥራው እንዳለቀ መጀመሪያ የጻፍኩት የጽዳት ተራውን ነው። ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ ሳምንት። የቁልፉ መስቀያ ምስማርም ለልጆች ቁመት እንዲመች ዝቅ ብሎ ተመታ።

ያ በስብሰባው ላይ ገንዘብ መቅበር ነው ያለን ጎረቤታችን የተናገረው ስጋት ዛሬም አለ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ የአክስቴ ልጅ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረች። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መጸዳጃውም ውስጥ ነው፤ በዚህ ደስ ብሏታል። በመጀመሪያው ወር የደወለችልኝ ግን ስለ ሌላ ነገር ነበር። ታምማ ብትወድቅ በሯን የሚያንኳኳ ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። የእድራችንን ደንብ በእጄ ገልብጬ ላክሁላት። እርሷም ባዶ ደብተር ገዝታ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየወጣች በር ማንኳኳት ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት የተመዘገቡት አራት ቤቶች ነበሩ፤ አሁን ድንኳን ለመግዛት ዋጋ እያጠያየቁ ነው።

የጎረቤታችን አጥር ደግሞ ተመልሶ አልተመታም። በሁለቱ ቆርቆሮ ፈንታ የእንጨት መዝጊያ ሠራችለት፤ መወርወሪያው በእርሷ በኩል ነው። ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዚያ ያቋርጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ጠርታኝ መኪናው ዳግመኛ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ፤ ጎመኑን ቱቦው ከሚያልፍበት አርቃ ልትተክል ነው።