ባሌን በእግር፦ ከጋይሳይ ሣር እስከ ሐረና ጫካ

ባሌ እሄዳለሁ የሚል ሰው ልቡ ያለው ከፍተኛው አምባ፣ ሰነቴ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮው እዚያ፣ ጅብራው እዚያ፣ ሰው ሁሉ የሚለጥፈው ፎቶም ከዚያ። ከጓደኞቼ ግማሾቹም "በቀጥታ ሰነቴ እንውጣ፣ ሌላው ይደርሳል" ባዮች ነበሩ። እኔ ግን ድርቅ አልኩ። ዲንሾ እንጀምር፣ ሰነቴን ወደ መጨረሻ እናድርገው፣ ከዚያ ሐረና እንወርዳለን አልኩ።

ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ዲንሾ 3,100 ገደማ ነው። የሰነቴ አምባ 4,000 ይደርሳል፣ እዚያ ላይ የተቀመጠው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። ሸገር ስለኖርን ደገኛ ነን ብንልም፣ ከ3,500 በላይ ያለው አየር ለማንም አያዳላም። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ጂም የሚሠራውንና የማይሠራውን አይለይም። ስለዚህ የእግር ጉዞ ዕቅድ ስታወጡ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ በመጀመሪያ ሜትሩን ተመልከቱ። በሜዳ ቀላል የሚባል አሥር ኪሎ ሜትር እዚያ ላይ ቀኑን ይጨርሳል።

ድንኳን ተሸክሞ ከካምፕ ካምፕ መዞር ለሚወድ ባሌ የሚሆን መንገድ ሞልቶታል። እኛ ግን ማታ ማታ አልጋና ትኩስ ሽሮ የምንፈልግ ሰዎች ነን። አላፍርበትም። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል፣ ያውም ብዙ ሳይጎድል። መጀመሪያ ዲንሾ ማደር፣ ቀጥሎ ወደ ሮቤ ወይም ጎባ መዛወር ነው። ሁለቱም ከዲንሾ ዝቅ ስለሚሉ ከሰነቴ ወርዶ ለመተኛት ይመቻሉ።

መንገዱ በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ይገባል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቆጂ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ነውና አንዱ ጓደኛችን ከመኪናው ወርዶ ሃምሳ ሜትር ያህል ሮጠ። ሲመለስ መናገር አቅቶት ነበር። ከኔ ክርክር ይልቅ ያቺ ሃምሳ ሜትር ሰዎቹን አሳመነች መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሰነቴ የጠየቀኝ የለም።

የመግቢያ ክፍያው ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይከፈላል። አስጎብኚም ፈረስም ከዚያው ይገኛል። የደረሱን አስጎብኚ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፣ ሁላችንም "ኦቦ" እያልን እንጠራቸው ጀመር። ጫማችንን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ "ልጆቼ፣ ነገ ጋይሳይ ነው። ቀስ ነው። ሰነቴ የትም አይሄድም" አሉ። ጓደኞቼን ዞር ብዬ አየኋቸው። ምንም አላልኩም፣ ግን አየኋቸው።

ጋይሳይ ከዲንሾ አፍንጫ ሥር ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። በግራና በቀኝ ኮረብታ አለው፣ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ያልለመደ ሳንባ ለመፈተን ልክ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንገባ ሣሩ በጤዛ ርሷል፣ ሱሪያችን እስከ ጉልበት ራሰ። ጭቁኙን እየረገጥን ስንሄድ ሽታው ይነሳል። የደጋ አጋዘን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ አይድከም። ሴቶቹ በመንጋ ሆነው ይግጣሉ፣ ወንዱ ጠምዘዝ ያለ ቀንዱን ይዞ ለብቻው ይቆማል። ሳይንስ ለዚህ እንስሳ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የባሌ ገበሬ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ገብሱን ሲያስበላው እንደኖረ እሱ ያውቃል። ከርከሮም ድኩላም አየን። ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱን የከበበውን የጥድና የኮሶ ደን ዞርን። እዚያ ያሉት አጋዘኖች ሰው ለምደው ከዛፍ ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ፣ ስታልፉ ጆሮ ብቻ ያዞራሉ።

ቀጣዩ ጉዞ ፊንጫ ሃበራ ነበር፣ በዌብ ሸለቆ። ይኼኛው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ስለዚህ ፈረስ ያዝን። ባሌ ላይ ፈረስ የቱሪስት ጌጥ አይደለም። ገበያ የሚሄደው አባወራ፣ ለቅሶ የምትሄደው እናት፣ ሁሉም ፈረስ ላይ ነው። እኔ ግማሹን መንገድ በእግሬ፣ ግማሹን በፈረስ ሄድኩ። በማግስቱ የታመመኝ በፈረስ የሄድኩበት ግማሽ ነው።

ፏፏቴው ያምራል፣ ነገር ግን ልቤን የወሰደው ከአካባቢው ያለው የዋሻ መጠለያ ነው። 3,469 ሜትር ላይ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የተመራማሪዎች ሥራ እንደሚለው ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን እዚህ እየመጡ ይኖሩ ነበር። ያኔ የባሌ ጫፍ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡ ነበር። ምግባቸው ደግሞ ፍልፈል ጥብስ። የተቃጠለ የፍልፈል አጥንት በገፍ ተገኝቷል። እኛ ከዋሻው አፍ ቁጭ ብለን ጭኮ በላን። የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ነው፣ ዲንሾ ላይ ገዝተን በፌስታል ቋጥረን የያዝነው። ለተራራ ስንቅ ከሱፐርማርኬት የገዛነው ብስኩት ሁሉ አጠገቡ አይደርስም። አንድ እፍኝ በልቶ ሦስት ሰዓት መሄድ ይቻላል፣ አይደርቅም፣ አይፈረፈርም።

ከዚያ ወደ ጎባ ተዛወርን።

ለሰነቴ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። ለመማለድ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ረፋዱ ካለፈ ደመናው ከሐረና በኩል ይወጣና አምባውን ይሸፍነዋል፣ ያን ጊዜ ያላችሁበት ቦታ 4,000 ሜትር ይሁን ቃሊቲ አታውቁም። ሁለተኛ፣ ቀበሮው አደኑን በቀን ነው የሚያካሂደው፣ አይጦቹ ፀሐይ ሲሞቁ እሱም ይሰማራል። ከጎባ በላይ መንገዱ ሲወጣ ዛፉ በተራ ይለወጣል። መጀመሪያ ኮሶውና አሜጃው፣ ከዚያ አስታው፣ አስታው ደግሞ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ ይሆናል። በመጨረሻ ዛፍ የሚባል ነገር ያበቃና ጅብራው ብቻ ይቀራል። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆያል፣ አንድ ጊዜ ያን ረጅም አበባውን ሽቅብ ይልካል፣ አብቦ ይሞታል።

ከመኪናው ስንወርድ መሬቱ በአመዳይ ነጭ ነበር። ደረቁ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ለእግር መንገድ የሚመረጠው ዝናቡ ስለሌለ ነው፤ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ክፉ ነው። ሰነቴ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይለበልባል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ እየደረቡ እያወለቁ የሚሄዱበት ሦስት ስስ ልብስ ይሻላል። ኮፍያና ጓንት አይረሳም። የፀሐይ ቅባት ንቆ የመጣ ጓደኛችን አፍንጫው ለሳምንት ተላጠ።

ፍልፈሉን መጀመሪያ ያየነው ከመንገዱ ብዙም ሳንርቅ ነው። ይኼ ፍልፈል ባሌ ላይ ብቻ የሚገኝ ግዙፍ ዝርያ ነው፣ አንድ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ኦቦ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ትኩስ አፈር ተገፍቶ ወጣ። ቀጥሎ ሰፊ ቡናማ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ዓይኖቹ ከአናቱ ላይ የተቀመጡ። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ግማሽ አካሉን አወጣና አጠገቡ ያለውን ሣር በጥርሱ እየነጨ አፉን ሞላ። የኋሊት እየተጎተተ ተመልሶ ገባ። ጉድጓዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ቆማ ከተገፋው አፈር ትል ትለቅማለች። ፍልፈሉ ሁለተኛ ሲወጣ ወፏ ድንገት ጮኸች፣ እሱም እንደ መብረቅ ጠፋ። ኦቦ ቀስ ብለው በአገጫቸው አመለከቱን። ከመቶ ሜትር የማይርቅ ቦታ ላይ ቀይ ቀበሮ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ተጋድሟል፣ ረጃጅም እግሮቹን አጥፎ፣ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ። ምሳው እንዳመለጠው ሲያውቅ ተነሳ፣ እኛን አንድ ጊዜ ገረመመና ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ሄደ።

በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። ትልቁ ጠላታቸው የውሻ እብደት በሽታ ነው፣ ከእረኞች ውሾች የሚመጣው። የፓርኩ ሰዎችና ተመራማሪዎች በአካባቢው ያሉትን ውሾች የሚከትቡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ውሻችሁን ይዛችሁ ሽርሽር እንዳታስቡ።

ቱሉ ዲምቱ አናት ድረስ የመኪና መንገድ አለው፣ ከላይ የቴሌ አንቴና ተተክሏል። መኪናውን ከሥር ትተን በእግር ወጣን። ዳገቱ ራሱ ረጅም አይደለም። ግን ሃያ እርምጃ ሄዶ መቆም፣ ሃያ እርምጃ ሄዶ መቆም ነው። በቆጂ ላይ የሮጠው ጓደኛችን ከሁላችን ቀድሞ ደረሰ፣ ለመላመድ የሰጠነው ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። አናቱ ላይ ኔትወርኩ ሸገር መሀል ካለው ይሻላል፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለ።

ሐረናን ለብቻው ቀን ሰጠነው። ብዙ ሰው ሰነቴን አይቶ፣ ከጥጉ ቁልቁል ጫካውን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ከልቤ ነው የምለው፣ ትልቅ ኪሳራ ነው። ጥጉ ላይ ስትቆሙ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ በመኪና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከጅብራ አገር ጫካ ውስጥ ናችሁ። አስታው እዚህ ዛፍ ነው፣ ግንዱ በሽበት ተሸፍኖ፣ ከየቅርንጫፉ የዛፍ ጢም ተንጠልጥሎ። ጉሙ ሲያልፍ ከቅጠሉ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ዝናብ ሳይኖር ትረጥባላችሁ። ሪራ መንደር ላይ ቆመን ቡና ጠጣን። ቡናው ከዚያው ከሐረና ነው፣ ከታች በኩል ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው። ከማሩ ጋር ሲቀርብ ሌላ ቁርስ አያስፈልግም። ማሩም የጫካው ነው፣ ረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች አንገት አንጋጦ ማየት ይቻላል።

ከሪራ በታች ባለው ቀርከሃ ውስጥ የባሌ ጦጣ ይኖራል። ሰዓታት ተጓዝን፣ ያየነው ቀርከሃው ሲወዛወዝ ብቻ ነው። እዚህ ጫካ ውስጥ አንበሳም አለ፣ ስለዚህ ያለ አስጎብኚ መግባት አይታሰብም። መሬቱ ያንሸራትታል፣ ለሰነቴ ይበቃ የነበረው ስኒከር እዚህ ዋጋ የለውም። ጥርስ ያለው ጫማ፣ ያም ካልሆነ ኦቦ የቆረጡልን ዓይነት ምርኩዝ ያዙ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በየሄድንበት ከብት አለ። ሸለቆው ውስጥ ከብት፣ አምባው ላይ በግ፣ ጫካው ውስጥ ሳይቀር ላም። አስታው ለግጦሽ ተብሎ የተቃጠለበት ጥቁር ጠባሳ በየኮረብታው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ባሌን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ደስ ብሎን ነበር፣ ጥሩ ነው። እረኛውን ግን "ውጣ" ማለት ብቻ መፍትሔ አይመስለኝም። ከብቱን በየወቅቱ ወደ ደጋ ማውጣት እዚያ የቆየ ሥርዓት ነው፣ የበዛው ሰዉም ከብቱም ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደውን ውኃ እስከ ሶማሊያ ድረስ ሚሊዮኖች ይጠጡታል። ቢያንስ እኛ ሄደን ፈረስ ስንከራይ፣ ማር ስንገዛ፣ አስጎብኚ ስንይዝ ገንዘቡ እዚያው ሰው እጅ ይገባል። ዋጋ ስትከራከሩ ይህን አስቡ።

ከሐረና ስትመለሱ 9 ሰዓት ሳያልፍ ተነሱ፣ ሰነቴን በጉም ውስጥ በጨለማ ማቋረጥ ለሹፌሩም ለናንተም ጭንቅ ነው። እኛ ጀንበር ሳትጠልቅ ጎባ ገባን። ሶፍ ዑመር ዋሻን በዚሁ ጉዞ እንጨምረው ያለ ነበር፣ ፊንጫ ሃበራ ላይ ያየነው ዌብ ወንዝ ነው ወርዶ እዚያ ተራራውን የበሳው። ግን ከሮቤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ቆላ ነው፣ ወንዙንም ለመሻገር ውኃው የጎደለበት ጊዜ ይመረጣል። ለጥምቀት ሰሞን ቀጠሮ ይዘንለታል።