አራት ጣት እጥፍ

ጳጉሜን ለልብስ ሰፊ የዓመቱ ጭንቅ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ይመጣል፤ ሁሉም "ቶሎ አድርስልኝ" ይላል። ቁጭ ብሎ ዓመቱን ማገላበጫ ጊዜ የለም። ቢሆንም የ2017ን ሒሳብ ስዘጋ አንዲት አባባል እንደገና ስለከነከነችኝ ልጻፋት።

ሱቄ ሐረር ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ነው። ዋናው እንጀራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ለሸዋል ዒድና ለሠርግ የሚሰፋው ይከተላል። ጥገና ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 2016 ላይ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር። ወዲያው 100ን አለፈ፤ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ 130ን። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ የስፌት መኪናው መርፌ ሳይቀር ከውጭ ነው የሚመጣው። ጨርቅ ነጋዴው ጠዋት የነገረህን ዋጋ ከሰዓት አይደግምልህም ነበር። በዚያ ሰሞን ያለ ቀብድ ትእዛዝ የተቀበለ ሰፊ ምን እንደደረሰበት የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል።

እንግዲህ በዚያ መሀል የአንድ የግል ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ መጣ። 200 ሱሪ ይፈልጋሉ። ቀብዱን በእጁ ይዟል። እንዲህ ያለ ሥራ በየቀኑ አይገኝም። ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። የሱሪውን ታች ገለበጠና በጣቱ ለካው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እጥፍ ነዋ። አራት ጣት።"

"አንድ ጣት ይበቃል። ጨርቅ እኮ ዛሬ ወርቅ ነው!"

ሒሳቡን አልካድኩትም። አራት ጣት 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ አንድ ጣት ሲወርድ 5 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ስለሚቆረጡ በ200 ሱሪ 10 ሜትር ጨርቅ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ለትንንሾቹ አሥር የሚጠጋ ሱሪ ይወጣል።

"ልጁ ሲያድግስ?" አልኩት።

"ሲያድግ ይገዛላ! አቦ፣ ላንተም እኮ አስቤ ነው። ዘንድሮ ያጠረበት ከርሞ ተመልሶ ይመጣልሃል።"

ይህችን ነው ያልረሳኋት። ሰውየው በክፋት አልተናገራትም። እየሳቀ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሆኖ ነው ያላት። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የዚያ ትምህርት ቤት ወላጅ ዩኒፎርሙን የሚገዛው ከትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ዞሮ አማርጦ፣ ተከራክሮ አይገዛም። ልጁ ባደገ ቁጥር ሊከፍል ነው።

ከ6 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከዚያ ውስጥ የሚበዛው እግሩ ነው። አራት ጣት እጥፍ ያለው ሱሪ ሁለት ዓመት ይሄዳል። አንድ ጣት ያለው የመጀመሪያውን ዓመት እንኳ አይጨርስም። እናቶች ሲመጡ "አስፍተህ ስፋለት፣ ያድጋል" ይሉኛል። እኔ ደግሞ "በልኩ ልስፋለት፣ ትርፉ ከውስጥ ይቀመጥ" እላቸዋለሁ። የሰፋ ሱሪ የለበሰ ልጅ ሲሮጥ ይረግጠዋል፤ ጉልበቱ ሳይነካ ታቹ ያልቃል። ወገቡም ላይ ከኋላ ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት እተዋለሁ። በዓመቱ ሲመጣ እፈታና በአቸቶ የራሰ ጨርቅ አድርጌ እተኩሰዋለሁ፤ የድሮው መታጠፊያ መስመር ይለቃል። ቀለሙ ነጣ ብሎ መስመሩ ከቀረ በላዩ አንድ ስፌት እነዳበታለሁ። እኔ ለሰፋሁት ልብስ ይሄን በነፃ ነው የምሠራው። ደንበኛዬ ይህን አምኖ ነው ልጁን ይዞ የሚመጣው።

"በአንድ ጣት አልሰፋም" አልኩት። ቀብዱን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ጎረቤቴ ሃጂ ከመኪናቸው ቀና ብለው ሁሉንም ሰምተዋል። ከኔ በፊት እዚህ መንገድ ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ያዘዘው እሱ ነው። አንተ ስፋ። የሱቅ ኪራይ በሱሪ እጥፍ አይከፈልም" አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን አልተስማማንም። እውነት ለመናገር ያን መስከረም ኪራዩን የከፈልኩት በዚፕ ቅየራና በጥገና ነው። ረዳቴም በደመወዙ ታገሠኝ። የዓመቱን ደብተር ሳይ ያ 200 ሱሪ የጎደለበት ቦታ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሃጂ በቁጥሩ ልክ ነበሩ።

ትእዛዙን ሌላ ሱቅ ወሰደው፤ በአንድ ጣት ሰፋው። ሚያዝያ ላይ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች መምጣት ጀመሩ። አንዷ እናት ሦስተኛ ክፍል የሚማር ልጇን ይዛ መጣች። "ወንድሜ፣ ትንሽ ልቀቅለት" አለችኝ። ገለበጥኩት። ምን ይለቀቃል? ሱሪው ጉልበቱ ጋ አዲስ ነው፤ ወገቡም ደህና ነው፤ ካልሲው ግን እስከ ላይ ይታያል። ከቁርጥራጭ ውስጥ የሚመሳሰል ሰማያዊ ፈልጌ ከታች ቀጠልኩለት። የቻልኩትን ያህል አሳምሬ ሰፋሁት። ልጁ ለብሶት ጎንበስ አለና "ይታያል?" ብሎ ጠየቀኝ። ቀለሙ አንድ አይደለም፤ ይታያል። "ዋናው አለማጠሩ ነው፣ ጎበዝ" አልኩት። ከናቱ የክር ዋጋ ብቻ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ የመጡትንም እንዲሁ።

በዚህ ሳምንት ያው ገንዘብ ያዥ ደወለ። የወላጆች ስሞታ በዝቶባቸዋል መሰለኝ፣ ፕሮፎርማ አምጣ አለኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ "እጥፍ፦ አራት ጣት፣ ወገብ ላይ ትርፍ፦ ሁለት ጣት" ብዬ ጻፍኩ። ዋጋው በዛ አለ። እንዲቀንስ ከፈለጉ የኋላ ኪስ ላይ የሚጠለፈውን የትምህርት ቤቱን አርማ ይተዉት አልኩት። የጥልፉ ዋጋ በእያንዳንዱ ሱሪ ከእጥፉ ጨርቅ ይበልጣል። ወረቀት ላይ አስልቼ፣ ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁለት። ለዳይሬክተሩ አሳያለሁ ብሏል።